ከፈተና በኋላ፣ ከካርድ በፊት

የትምህርት ዓመት የሚያልቀው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ የመጨረሻው የፈተና ወረቀት ሲሰበሰብ፣ ሁለተኛ ደግሞ ሰኔ 30 ካርድ ሲታደል። በመካከል ያሉት ቀናት የመማሪያም የዕረፍትም አይደሉም። ደወሉ ይደወላል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይሰቀላል፣ ሰሌዳው ላይ ግን የሚጻፍ ነገር የለም። በእነዚያ ቀናት ነቀምቴ ውስጥ ወዳለ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎራ ያለ ሰው ከአንዱ ክፍል የከበሮ ድምፅ ይሰማል፣ በሌላው ክፍል የጥያቄና መልስ ውድድር ያያል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ 7ኛ «ሀ» ከ8ኛ «ለ» የኳስ ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። የመምህራን ማረፊያው በር ግን ዝግ ነው።

የወላጆች በዓል የሚባለው ትልቅ ቀን የሚበቅለው ከዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በዓሉን የዓመቱ ማጌጫ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን መነሻው የሒሳብ ሥራ ነው ባይ ነኝ። መምህራን ነጥብ ደምረው፣ አካፍለው፣ ደረጃ አውጥተው እስኪጨርሱ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆችን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ቤታቸው እንዳይቀሩ ካርድ አልወሰዱም፤ ክፍል እንዳይገቡ የሚማሩት አልቋል።

የመምህራኑን ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለምን ቀናት እንደሚፈጅ ይገባዋል። እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት መምህር በማርክ ሊስቱ የያዘውን ነጥብ ለክፍል ኃላፊው ያስረክባል። ክፍል ኃላፊው ሮስተር የሚባለውን ጠረጴዛ ሙሉ የሚሸፍን ወረቀት ይዘረጋና የመጀመሪያውን መንፈቅ፣ የሁለተኛውን፣ ከዚያም የሁለቱን አማካይ በየተማሪው ስም ትይዩ ያሰፍራል። ይህን ብቻውን የሚሠራ የለም። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በማስመሪያ መስመሩን ጠብቆ ይጽፋል። «ሰባ ሁለት» ይላል አንባቢው፤ «ሰባ ሁለት» ብሎ ይመልሳል ጸሐፊው። መሃል ላይ አንድ መስመር ከተዘለለ ከዚያ በታች ያለው ልጅ ሁሉ የጎረቤቱን ነጥብ ይወርሳልና በየጥቂት ስሙ ቆም ተብሎ ይመሳከራል። ድምሩን የስልክ ማስያ ያወጣዋል፤ ደረጃው ግን በዐይን የሚታደን ነው። ከሃምሳና ከስልሳ ልጅ መካከል ትልቁን አማካይ መፈለግ፣ እሱን ምልክት አድርጎ የሚቀጥለውን መፈለግ፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መውረድ ነው። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት በኤክሴል ይገላገላል። እኩል ያመጡ ልጆች ከተገኙ ሁለት ሦስተኛ ይወጣና አራተኛ የሚባል ይጠፋል፤ ለሦስት ልጅ ሽልማት ገዝቶ የጨረሰው ኮሚቴ ራሱን የሚያከው ያኔ ነው።

መካከለኛ ደረጃ ሲባል 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። በንጉሡና በደርግ ጊዜ ጁኒየር ይባል የነበረው ይህ እርከን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ በሚዘልቀው አንደኛ ደረጃ ውስጥ ገባ፤ አሁን የሚሠራበት ስድስት ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት የሚለው አከፋፈል ደግሞ መልሶ ለብቻው አቆመው። ለወላጆች በዓል ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። አንድ ግቢ ከሰባት ዓመት ሕፃን እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሲይዝ መድረኩን የሚያደምቁት ትንንሾቹ ነበሩ፤ ሕፃን ልጅ ስንኝ ቢረሳም ይጨበጨብለታል። አሁን ግን መድረኩ ላይ የሚወጣው በሙሉ ድምፁ መጎርነን የጀመረ፣ ቁመቱ ከዩኒፎርሙ ያመለጠ፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት የሚፈራ ልጅ ነው። እንደዚህ ያለውን ልጅ ሕዝብ ፊት ማቆም ችሎታ ይጠይቃል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለዚህ የሚሆን አንድ ትምህርት ይዟል፤ ስሙ የክወናና የእይታ ጥበባት ነው። ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ቴአትርንና ሥዕልን በአንድ መጽሐፍ ያስተምራል። በብዙ ቦታ ይህን ክፍለ ጊዜ የሚሸፍነው ለሌላ ትምህርት የሠለጠነ መምህር ነው፤ ፒያኖ በሌለበት ስለ ፒያኖ፣ ቀለም በሌለበት ስለ ቀለም ያስተምራል። የትምህርቱ እውነተኛ ፈተና ታዲያ የወላጆች በዓል ይሆናል። ሸክሙን የሚቀበሉት ክበባት ናቸው፦ ሚኒ ሚዲያው፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቡ፣ የቀይ መስቀሉ፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ የሴት ተማሪዎች ክበብ፣ በኦሮሚያ ደግሞ የገዳ ትምህርትን የያዙት። ከመስከረም ጀምሮ በወረቀት ብቻ የነበረ ክበብ እንኳ ሰኔ ላይ ነፍስ ይዘራል።

ነቀምቴ በትምህርት ቤት ለሚቀርብ ዘፈንና ተረት እንግዳ አይደለችም። ወንጌላዊው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥተው ማስተማር ሲጀምሩ ይዘዋቸው ከመጡት አንዷ አስቴር ጋኖ ነበሩ። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የተያዙ፣ ኋላም ነፃ ወጥተው ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። አስቴር ከአገራቸው ርቀው ሳሉ በልጅነት የሰሙትን ዘፈን፣ ተረት፣ እንቆቅልሽና ምሳሌያዊ አነጋገር ከትዝታቸው እየቀዱ ጻፉት፤ ያሰባሰቡት ወደ 500 ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በወለጋ ኦሮምኛ ማንበብ የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ትምህርት የጀመሩት እንግዲህ እናቶቻቸው ምሽት እሳት ዳር በሚያጫውቷቸው ነገር ነው። ኦነሲሞስ ብዙም ሳይቆዩ በካህናት ተከሰው ከመስበክ ቢታገዱም ትምህርት ቤቱ አልጠፋም።

ዛሬ በአንድ የነቀምቴ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የሚቀርበውን ዝርዝር ከዚያ መጽሐፍ ይዘት ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱ ብዙ አይሆንበትም። ሂቦ የሚባለው የኦሮምኛ እንቆቅልሽ ጨዋታ አለ፤ ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠያየቃል። ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፣ ተረት አለ፣ ጀግና ራሱንና ወገኑን የሚያወድስበት ገራርሳም አለ። ገራርሳን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሲያቀርበው ዝሆን ገዳይነቱ ይቀርና ሒሳብ ፈተና ላይ ያሳየው ጀብዱ ይገባበታል፤ አዳራሹ በሳቅ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

የትምህርት ቤት መድረክ በአገራችን ቀላል ታሪክ የለውም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ቴአትር ያሳዩት የነበረው በሚያስተምሩባቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ነው፤ ሙያዊ ተዋናይ የሚባል ገና አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አምቦ ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት በትምህርት ቤቱ መድረክ ቀርቦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመልክተውታል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለእንግዳ ብሎ ያዘጋጀው ዝግጅት ለአገሪቱ ትልቅ ጸሐፌ ተውኔት የመጀመሪያ መድረኩ ሆነ።

በዓሉ ራሱ የሚውልበት ቀን ከሰማዩ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሰኔ እዚያ ክረምት የሚጀምርበት ሳይሆን ክረምቱ የጠናበት ወር ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ማለዳ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ዝግጅት ግማሹ በዝናብ ይበላል። አዳራሽ ያለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ከችግሩ አያመልጥም። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የወለጋ ዝናብ ሲወርድ ማይክ ይዞ የሚጮኽ ልጅ እንኳ አይሰማም፤ ግጥም አቅራቢዋ ስንኟን ይዛ፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ እስኪያባራ ትጠብቃለች። መብራት ከሄደ ደግሞ ስፒከሩ ይሞታል። ልምድ ያለው መድረክ መሪ ለዚህ ሰዓት የሚሆን ነገር አያጣም፦ ማይክ የማያስፈልገውን ጭፈራ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ከበሮና ጭብጨባ ዝናብን ያሸንፋሉ።

ወላጆች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቀዩን ጭቃ በር ላይ እየጠረጉ ይገባሉ። የፊተኛው ወንበር ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላትና ለሃይማኖት አባቶች የተያዘ ነው። የአገር ሽማግሌ ይመርቃል፤ ኃላፊ ንግግር ያደርጋል፤ ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ሪፖርት ያነባል፦ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት አለፈ። ይህን ክፍል አሳጥሮ ማለፍ የሚችል ርዕሰ መምህር ብልኅ ነው፤ ከመድረኩ ጀርባ ልጆቹ በጥጥ የሠሩት ጢም መላቀቅ ጀምሯል።

ከጀርባ ያለው ትርምስ ራሱ ሌላ ቴአትር ነው። አንዱ የአያቱን ከዘራ ተውሶ መጥቷል። ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ጉንጩ ላይ ጥጡን በማስቲሽ አስለጥፎ አፉን መክፈት ተቸግሯል። ጨፋሪዎቹ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጥልፍ ያለውን የኦሮሞ ባህል ልብስ ለብሰው፣ ጨሌ አጥልቀው በረድፍ ቆመዋል፤ የሚቀጥለው ቡድን ደግሞ የጉራጌ ወይም የጎጃም ጭፈራ ስላለበት ልብስ የሚቀያየሩት ክፍል ውስጥ ዴስክ ደርድረው ከለል አድርገው ነው። «ቲቸር፣ መቼ ነው የእኛ ተራ?» የሚለው ጥያቄ አያቋርጥም። «ተሰለፉ ብዬ አልነበር! ማን ነው ቀበቶውን የጣለ?» ይላሉ ክበቡን የያዙት መምህርት፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ወረቀት እጃቸው ላይ ረጥቦ ሊቀደድ ደርሷል።

የመድረኩ ዋና ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በእሱ ነው፤ የቁቤ ጽሕፈት ከጸደቀበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ያደገ ትውልድ አሁን ልጆቹን ይዞ ወላጅ ሆኖ ይመጣል። በአማርኛ አንድ ግጥም ወይም አጭር ድራማ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ክርክር መጨመር የተለመደ ነው። እንግሊዝኛው ሲቀርብ የሚገባው ወላጅ ጥቂት ቢሆንም በጣም የሚጨበጨበው ለእሱ ነው፤ ልጁ ቀና ብሎ ሳይደነቃቀፍ መናገሩ ብቻ ይበቃል።

ድራማዎቹን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። አብዛኞቹ አንድ መንገድ ላይ የተሠሩ ናቸው፦ ሴት ልጁን ያለ ዕድሜዋ ሊድር የተነሣ አባት፣ የምታለቅስ እናት፣ መጨረሻ ላይ መምህርና ፖሊስ መጥተው ሁሉም የሚታረቅበት። ጉዳዩ እውነት ነው፣ በየገጠሩም አለ፤ ነገር ግን ተመልካቹ መጋረጃው ሳይከፈት መጨረሻውን ያውቀዋል። ከተማዋ እኮ ተነግሮ የማያልቅ ታሪክ አላት። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉትን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ያቃጠሉት፣ ጀነራል ማሊዮኮንና መኮንኖቹን የገደሉት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ማለትም ከዛሬዎቹ ተማሪዎች ብዙ የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ። ቦናያ ለነቀምቴ ልጆች የሩቅ አገር ስም አይደለም። የወለጋ ሙዚየምና የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ተማሪዎችን ወደዚያ ለጉብኝት የሚወስድ ትምህርት ቤት ከጉብኝቱ ማግስት ድራማ ጻፉ ቢላቸው ክፍተቱ ይሞላ ነበር። በገዳ ላይ የሚሠሩት ትርዒቶች ከእነዚያ ድራማዎች ይሻላሉ። ልጆቹ በሆሮ ጉዱሩ ያለውን የገዳ ጉባኤ ሥፍራ ኦዳ ቡሉቅን እያሰቡ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተክለው ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ ስንቄ የሚባለውን በትር ይዘው የተጣሉትን ይገላግላሉ፤ ክርክሩ ላይ በቃል ያልተጠና ነገር ሲጨምሩ ታያለህ።

ጭፈራው ሲሞቅ ወላጅ ይነሣል። ብር አውጥቶ የጨፋሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ልጁ ሳያቋርጥ ይጨፍራል፣ ብሩ ይወድቃል፣ ሌላ ልጅ ሮጦ ያነሣል። ገንዘቡ ለክበቡ ይሁን ለልጁ የሚለው ክርክር በየትምህርት ቤቱ አለ። አንዳንዱ ርዕሰ መምህር ቀድሞ ያስታውቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል። በእኔ ሚዛን ለልጁ ቢተው ይሻላል፤ ደብተር መግዣ ይሆነዋል።

ከዚያ ሽልማት ነው። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንዳንዴም መዝገበ ቃላት ከሰርተፊኬት ጋር ይሰጣቸዋል። እናት እልል ትላለች፣ አባት መድረክ ድረስ ሄዶ ልጁን ይስማል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሦስት ሲጠራ ሃምሳ ሰባቱ ያጨበጭባሉ። ሆኖም በዚያው ቀን፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ ከክፍሉ አርባኛ የወጣው ልጅ ከበሮ መትቶ አዳራሹን አስነሥቷል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህን አይተው ለክበባት፣ ለስፖርት፣ ለጽዳትና ለጸባይም ሽልማት ጨምረዋል። የጽዳት ሽልማት የሚያገኘው ልጅ ሲጠራ ትንሽ ሳቅ መሰማቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ተጠርቷል።

የ8ኛ ክፍሎቹ ጉዳይ ለብቻው ነው። ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና ስላለባቸው ከግንቦት ጀምሮ ማጠናከሪያ ትምህርት ይገባሉ፤ ቅዳሜም አይቀራቸው። ድራማ የሚለማመዱት ከማጠናከሪያው በኋላ ነው፤ ከመምህራኑ አንዱ «ፈተና አለባችሁ» ሲል ሌላው «ያለ እነሱ በዓሉ አይሆንም» ይላል። ውጤታቸው ክረምት ላይ ነው የሚመጣው። መድረክ ላይ የሚሰናበቱት እንግዲህ ማለፍ መውደቃቸውን ሳያውቁ ነው። በእነዚያ ቀናት እጃቸው ላይ የማይጠፋው ኦቶግራፍ ነው፦ ባለ አበባ ሽፋን ደብተር፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ትምህርት፣ ለእኔ ያለህ ምክር እያለ የሚጠይቅ። ገጽ ካለቀ ሸሚዝ አለ፤ ዩኒፎርሙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይፈራረማሉ። ታናሽ ወንድም ያለው ልጅ ግን ሸሚዙን አያስነካም፤ መስከረም ላይ የሚለብሰው አለ።

ሰኔ 30 ሌላም ፊት አለው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂም «ሰኔ ሰላሳ እንገናኝ» ተብሎ የሚቀጠረው ለዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት የለማ። ለዚህ ሲባል ካርድ በወላጅ ብቻ የሚሰጡ፣ ወይም ክፍሎችን በተለያየ ሰዓት የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ካርዱ ደግሞ እንዲሁ አይወሰድም፤ የተዋሰውን መማሪያ መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ ካርዱን አያገኝም። የመጽሐፉ ሽፋን የተገነጠለበት ልጅ ማለዳ ሙጫ ፍለጋ ሲሯሯጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የቀረበት ጊዜም ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሰኔው ያለ ፈተናም ያለ በዓልም አለፈ፤ ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። ደረጃ የወጣለትም ያልወጣለትም አንድ ላይ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ በአካባቢው በተነሣው ግጭት ምክንያት በወለጋ ገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ከተማ ላይ በተጨናነቁ ክፍሎች ተቀምጠዋል። እነዚህ ልጆች ባሉበት ክፍል የወላጆች በዓል ጥሪ ወረቀት ሲታደል የሚወስድለት ወላጅ አጠገቡ የሌለ ተማሪ አለ። አስተዋይ ክፍል ኃላፊ ለእሱ የሚሆን ዘመድ ወይም ጎረቤት ቀድሞ ይፈልጋል።

ካርድ ከታደለ በኋላ መምህሩም አያርፍም። የክረምት ትምህርት ያለበት ሐምሌ ላይ ቦርሳውን ይዞ ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጁ ይሄዳል፤ የእሱም ነጥብ በሌላ ሰው ሮስተር ላይ ይሰፍራል። ከገጠር የመጣው ተማሪ በበኩሉ ወደ በቆሎ አረም ይመለሳል።

በመካከለኛ ደረጃ ይህን በዓል ማዘጋጀት ከሌላው የሚከብደው እርከኑ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ነው። ልጁ መድረክ መፍራቱን የሚተወው 8ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ይሄዳል። 9ኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ቀድሞ የነበረበት ክበብ እዚያ አይከተለውም። ስለዚህ የክበብ ተጠሪዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ሰጥተው አጠገቡ የሚቆመውን፣ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚናገረውን ከ7ኛ ክፍል ይመርጣሉ። ሰኔ ላይ «ምግቡ ቀርቧል፣ አባባ» ብሎ ከመድረክ የወረደው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ጥጡን ጉንጩ ላይ የሚያስለጥፈው እሱ ነው፤ ከዘራውንም ከአሁኑ ማን ጋር እንዳለ ጠይቆ አውቋል።